ሥርዓተ ትምህርቱን ለየብቻ መግዛት ይብቃን

ይህ ጥሪ ልጆቻችሁን ቤት ለምታስተምሩ፣ ለማስተማር ለምታስቡ፣ «እኔ ደግሞ ምን አውቄ?» እያላችሁ ለምታመነቱ ሐበሻ ወላጆች ነው። ከሁሉ በፊት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖረው፤ ብዙዎቻችን እዚህ ነንና፣ ቤልትዌዩ ካልተዘጋጋ በቀርም አንዳችን ከሌላችን ደጅ ለመድረስ ረጅም መንገድ የለብንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ለሚመጣው መስከረም ማንም ወላጅ ካሪኩለም ብቻውን አይምረጥ፣ ብቻውን አይግዛ፣ ብቻውን አያቅድ። ሦስትም አራትም ቤተሰብ ሆነን አንድ ዕቅድ እናውጣ።

አሁን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግንቦት ሲገባደድ እናት ከሥራ ተመልሳ፣ እራት አብልታ፣ ልጆቹን አስተኝታ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ለአምስት ዓመቱ የንባብ መጽሐፍ፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ሒሳብና ሳይንስ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ አልጀብራና ታሪክ ትፈልጋለች። አሳታሚዎቹ የሚሸጡላት በየክፍሉ የታሸገ ሳጥን ነው። «ሁሉም ነገር ውስጡ አለ» ይላሉ፤ እውነትም አለ። ስለዚህ ሦስት ሳጥን ታዝዛለች፦ ሦስት ዓይነት ታሪክ፣ ሦስት ዓይነት ሳይንስ፣ ሦስት የየዕለት መርሐ ግብር። ጥቅምት ላይ ሦስቱ መርሐ ግብሮች በአንድ ጠረጴዛና በአንዲት እናት አንድ ቀን ውስጥ እንደማይገቡ ይገባታል። ያኔ የምትወቅሰው ሳጥኑን ሳይሆን ራሷን ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ዕቅዱ የተሠራው እኩያሞች ለተደረደሩበት ክፍል ነው፤ እሷ ቤት ያሉት ግን አንዱ ጫማውን ማሰር ያልቻለ፣ ሌላው ድምፁ መጎርነን የጀመረ ናቸው።

ይህ ድካም ደግሞ በየቤቱ ይደገማል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናት እንቅልፍ አጥታ የምታወዳድረውን የሒሳብ መጽሐፍ አሌክሳንድሪያ ያለችው አምና ገዝታ፣ ለልጇ ሳይስማማ ቀርቶ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሁለቱ ባለፈው ክረምት አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በልተዋል፤ የመጽሐፉ ነገር ግን አልተነሣም። ልጅን ቤት ማስተማር በእኛ ዘንድ ገና በሹክሹክታ ነውና። «ልጇን ከትምህርት ቤት አወጣቻት» ሲባል የሚሰማ ሰው ከንፈሩን ይመጣል፤ ሕመም ወይም ጠብ የደረሰ ይመስለዋል።

ሹክሹክታው ከእውነታው ኋላ ቀርቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረገው ጥናት፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ከፀደይ እስከ መኸር ባሉት ጥቂት ወራት ከ5.4 በመቶ ወደ 11.1 በመቶ አሻቀቡ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ደረሱ። ወረርሽኙ ብዙ ሰው ወደዚህ ገፋው፤ ካለፈ በኋላም በዚያው የቀረ አለ። አንዳንዱ ልጁ በክፍል ውስጥ ሲዋጥ አይቶ ነው፣ አንዳንዱ በሃይማኖቱ፣ አንዳንዱ የሥራ ሰዓቱ ከትምህርት ቤቱ ሰዓት ጋር አልገጥም ብሎት። ምክንያቱን እዚህ ላይ መመዘን አያስፈልገንም። ቤት ማስተማር ለሁሉም ቤተሰብ ይሆናል ብለንም አንሰብክም። የገባንበት ሰዎች ግን ተበታትነን መቅረታችን የራሳችን ምርጫ ነው፤ ምርጫውንም መለወጥ እንችላለን።

ስለ ሕጉ በስሚ ስሚ የሚወራው ብዙ ስለሆነ አጠር አድርገን እንበለው። ቤት ማስተማር በሃምሳዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ ሐሳቡን፣ ልጁ የሚማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዘርዝሮ፣ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው ትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል፤ በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ ደግሞ የልጁን መሻሻል በፈተና ውጤት ወይም በግምገማ ያሳያል። ኦገስት 15 በእኛ ነሐሴ 9 ነው፣ ፍልሰታ መሐል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ለዚህም ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ቅጽ ይሞላል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ በመደበኛነት መሰጠታቸውን የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ይያዛል፤ በካውንቲው ሥር የሆነ ቤተሰብ ይህንኑ ለገምጋሚ ያቀርባል። ጆርጂያ ያላችሁ በዓመት 180 ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ማስተማር አለባችሁ። ቴክሳስ ያላችሁ ከሁላችንም የቀለለ ደንብ አላችሁ።

ከእነዚህ ሕጎች አንዱም ግን «ይህን መጽሐፍ ግዙ» አይልም። «ማኅበራዊ ትምህርት» ሲል የማን ወንዝ፣ የማን ንጉሥ፣ የማን ገበያ እንደሚጠና አይወስንም። ያ ቦታ ባዶ ነው። የሚሞላው ወይ ሳጥን ሻጩ ነው ወይ እኛ ነን።

«የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ቤት እንዴት?» ለሚሉ፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት እንዲህ ነበር። የኔታ ፊደል የሚቆጥረውን፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውንና ዳዊት የሚደግመውን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ዳዊት የደረሰው ትንሹን ፊደል ያስቆጥራል፤ እሱን ደግሞ የኔታ ይሰሙታል። ቁርአን ቤትም ቢሆን ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀራል። ልጁ የሚጠየቀው «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ተብሎ አልነበረም፤ «የት ደረስክ?» ተብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ለወላጆች እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጠው ዘዴ ይኸው ነው። (አለንጋውን ግን እዚያው እንተወው።)

ከየኔታ ሌላም የምንወስደው አለ። ልጁ ሀሁን በዜማ ስላወረደ ብቻ አያልፉትም ነበር፤ አቡጊዳን ያመጡበታል። ፊደሉ ከለመደው ቦታ ተነሥቶ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ሲመጣ፣ በጆሮው የሸመደደውና በዓይኑ የለየው ልጅ እዚያው ይለያያሉ። የእኛ ልጆች ሀሁን በልደት ቀን ዘምረው ያስጨበጭባሉ፤ ገበታውን ከግድግዳው ላይ አውርዳችሁ «ቤ»ን ብትጠይቁ ግን ከ«ሀ» ጀምረው እየዘፈኑ ካልመጡ አያገኙትም። ሒሳቡም፣ የእንግሊዝኛ ንባቡም እንዲሁ ነው። የምንመርጠው መጽሐፍ ልጁ ማወቁን ከለመደው ቅደም ተከተል ውጪ የሚፈትን ካልሆነ፣ ገጹ ያማረ ስለሆነ ብቻ አንግዛው።

እንግዲህ ዕቅዱን ለሁለት እንክፈለው። አንደኛው ወገን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ትምህርት ነው፤ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ንባብ፣ ፊደል። ይህ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ነው። ማካፈል ያልገባውን ልጅ ከእኅቱ ጋር አልጀብራ ላይ ማስቀመጥ ሁለቱንም መቅጣት ይሆናል። እዚህም ላይ ግን በዕድሜ አትግዙ። ሲንጋፖር ማትን፣ ሳክሰንንና ሌሎችንም የሚያሳትሙት ልጁ ከየትኛው መጽሐፍ መጀመር እንዳለበት የሚለይ የመመደቢያ ፈተና በነጻ ያቀርባሉ። ፈተናው የአሥር ዓመቱን ልጅ ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምር ካለው ይጀምር፤ የሚስቅበት የክፍል ጓደኛ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ እኩዮቹን የሚያልፍ ልጅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ወደ ኋላ ተመልሶ የተነሣ ነው። ካን አካዳሚ በነጻ ስለሆነ ለመለማመጃ ይበቃል፤ ትንሹን ልጅ ግን ብቻውን ስክሪን ፊት ትታችሁ «ሒሳብ እየተማረ ነው» አትበሉ።

ሁለተኛው ወገን ሁሉም ልጆች አንድ ላይ የሚማሩት ነው፦ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ተረትና ሥነ ጽሑፍ። ርእሱ አንድ ይሆናል፤ ጥልቀቱ እንደ ልጁ። የሱዛን ዋይዝ ባወር አራት ቅጽ የዓለም ታሪክ በብዙ ቤት የተወደደው ለዚህ ነው። ታሪክን ከጥንት እስከ ዛሬ በአራት ዓመት ዙር ይሄድበታል፤ በስድስት ዓመቱ ስለ ጥንቱ ዘመን የሰማው ልጅ በአሥር፣ ኋላም በአሥራ አራት ዓመቱ ይመለስበታል። ዙሩን እንውሰደው፤ ይዘቱን ግን እኛ እናስፋው። ልጆቹ ስለ ሮማው ቆስጠንጢኖስ ሲማሩ በዚያው በአራተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ዒዛና ገንዘብ ያስመታ እንደነበር አብረው ይማሩ። እ.ኤ.አ. የ1884 እና 1885ቱን የበርሊን ጉባኤ ሲያነቡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ከጎኑ ያንብቡ። የሐረር ጀጎል ግንብ ሲነሣ የሐረር ሰው የሆነ አባት ይጠራ።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ወር እንቀድ። ርእሱ ዓባይ ይሁን፤ አራት ቤት፣ አሥር ልጆች፣ አራት ሳምንት።

አምስት ዓመት ያልዘለሉት ሦስት ፊደል ይይዛሉ፤ ዓ፣ ባ፣ ይ። በትሪ ላይ አፈር ከምረው፣ ከላይ ውሃ አፍስሰው መንገዱን የት እንደሚያበጅ ያያሉ። ልብሳቸው ይበላሻል፤ ይበላሽ። የስምንትና የዘጠኝ ዓመቶቹ ካርታ ይዘረጋሉ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከጣና ተነሥቶ፣ በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ወደ ደቡብ ከተጠማዘዘ በኋላ ወደ ምዕራብ ዞሮ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ እስኪገናኝ በክር ይከተሉታል፤ ክሩን በካርታው ሚዛን ለክተው ርዝመቱን ያወጣሉ። በክረምት ለምን እንደሚደፈርስ ሲጠይቁ የአፈር መሸርሸር ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው።

የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመቶቹን ወደ ግድቡ እንውሰዳቸው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ወንዙ ድንበሩ ላይ በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ያፈሳል። ታዲያ ሐይቁ የስንት ዓመት ውሃ ያጠራቅማል? ልጁ አካፍሎ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብሎ ሲመልስ፣ ለምን በአንድ ክረምት እንዳልተሞላ ራሱ ይነግራችኋል። ሥራው የተጀመረው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ቀኖች ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይመልሷቸው፤ በመንገዳቸውም አሥራ ሦስተኛው ወር ለምን አምስት፣ አንዳንዴ ደግሞ ስድስት ቀን እንዳለው ይማራሉ።

አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ሰነድ ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ1929 እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ስም ከግብፅ ጋር የተስማማችውን፤ በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው የተካፈሉትን፣ ኢትዮጵያም ያልተጠራችበትን። ሁለቱን ድርሻ ሲደምሩ 74 ይመጣል፤ ከሐይቁ መጠን ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፣ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ከዚያ ጽሑፍ ይጻፉ። የኢትዮጵያን ክርክር የጻፈ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የግብፁን ገበሬ ክርክር ያንኑ ያህል አሳማኝ አድርጎ ይጻፍ። ይህን የማናስደርጋቸው ከሆነ ልጆቻችንን መፈክር ነው ያስተማርናቸው።

ለግድቡ ቦንድ የገዛ አባት ሰርተፊኬቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ያምጣ፤ ለልጆቹ የመጀመሪያው የታሪክ ሰነድ እሱ ነው። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ትንሹም ትልቁም የሠራውን በወላጆች ፊት በአማርኛ ያቅርብ። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ ወር ውስጥ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሒሳብና ሥነ ጥበብ ለፋይሉ ይወጣል። ከአንድ ዕቅድ አሥር ልጅ ተማረ። ቀጣዩ ወር ቡና ይሁን፣ ወይም ጨው፣ ወይም ከዋክብት፤ እናንተው ምረጡ።

«እኛ አስተማሪ አይደለንም» የሚል አለ። እስቲ ዙሪያችንን እንይ። ከአራት ቤተሰብ አንድ ነርስ አይጠፋም፤ ስለ ደምና ስለ ልብ ከእሷ የሚሻል ማን ያስተምራል? ሆስፒታል ስትሠራ አድራ የመጣችውን ግን በማግስቱ ጠዋት አስተምሪ አንበላት፤ ወሯ በፈረቃዋ ይታይ። ሒሳብ ያዥ አለ። ቀኑን ሙሉ መኪና የሚነዳ አባት አለ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ የነዳጅ ዋጋና ግብር ምን እንደሆኑ በዓመቱ መጨረሻ ቅጹን ከታላላቆቹ ልጆች ጋር ሲሞላ ያሳያቸው። የእንግሊዝኛ አነጋገራችን የሚያሳፍረን ካለን ደግሞ ይህን እንወቅ፦ ልጆቹ ቅላጼውን ከየትም ይለቅሙታል፤ አንድን ነገር እስኪገባ ድረስ ታግሦ መጠየቅን የሚለቅሙት ግን ከእኛ ነው።

ከሁሉም በላይ በየሳሎኑ አያቶች ተቀምጠዋል። ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው፣ ልጁ አድጎ በእንግሊዝኛ ሲያወራ የሚያዳምጡት አጥተው፣ ቀኑን በቴሌቪዥን የሚያሳልፉ እናቶችና አባቶች። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ካስተማሩት ወጣቶች፣ ከተማሩትም ጎልማሶች መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር የሚኖሩ አሉ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በማግሥቱ ዓመት በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር ነበር መፈክሩ። ደርግን ለማወደስ አናነሣውም፤ ሥራው የሕዝብ ስለነበር ነው። ኩራዝ አብርተው በገበሬ ጎጆ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ሄርንደን ውስጥ በሞቀ ሳሎን አራት ልጅ ማስቆጠር ያቅታቸዋል ወይ?

ሻርሎት ሜሰን የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ያረፈች እንግሊዛዊት አስተማሪ፣ ልጅ የተነበበለትን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ማድረግን የትምህርቷ መሠረት አድርጋው ነበር። ዛሬ ብዙ የቤት አስተማሪ ወላጆች የሷን መጻሕፍት ገዝተው ያጠናሉ። እማማ ተረት ነግረው ሲጨርሱ «በል አሁን አንተ ንገረኝ» ካሉ የሷን ዘዴ ሳይገዙት ሠሩበት። ከዚህ ጋር አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን የተረቱትን፣ ቀጭኔዋ የምትመራውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን፣ ለታላላቆቹ ደግሞ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» እናስገባ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጻሕፍት ግን ተጠንተው ይገዙ። እነሱ የተጻፉት አማርኛ አፉን ለፈታ ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ፊደሉንም ቃሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚማረው፤ ገና በገጽ ሁለት ቢሸሽ አያስገርምም።

ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች በአማርኛ ተፈትነው የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላሉ። ስታምፕ የሚባለው የቋንቋ ፈተናም አማርኛን ያካትታል። ታላላቆቹን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ ለማስነሣት ይህ ከእናት ልመና ይበልጥ ይሠራል፤ ያለ ይሉኝታ እንጠቀምበት።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። የሐበሻ ማኅበር በምን እንደሚፈርስ አናውቅም አንበል። በገንዘብ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ፣ በ«ማን ሊቀመንበር ይሁን»። ስለዚህ ደንቡ ከመጽሐፉ በፊት ይጻፍ። ሃይማኖት በየቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይማር፤ የጋራው ጠረጴዛ የታሪክ፣ የሳይንስና የቋንቋ ነው። ትግርኛ የሚናገር ቤት ፊደሉን አብሮ ይማራል፣ ንባቡን በቋንቋው ያደርጋል፤ ኦሮምኛ የሚናገር ቤት ልጆቹን ቁቤ ሲያስተምር የእኛም ልጆች አብረው ይቀመጡ፣ አይጎዱም። የአገር ቤት ዜና ልጆች ባሉበት አይነሣ። ይህቺኛዋ ቀላል ትመስላለች፤ ሁሉንም የምታስጨርሰው ግን እሷ ናት።

ገንዘቡም ግልጽ ይሁን። የመምህሩ መመሪያ አንድ ይገዛል፣ ይዞራል። የልጁ የመልመጃ ደብተር ለእያንዳንዱ ልጅ ይገዛል፤ አሳታሚው ካልፈቀደ ፎቶ ኮፒ አናደርግም፣ ልጆች እያዩን ነውና። ያገለገለ መጽሐፍ ከየቁም ሣጥኑ ይውጣ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለአያትም ጭምር። የመጀመሪያው ዓመት ከስድስት ቤተሰብ አይብለጥ፤ ሰባተኛው ሲመጣ ሌላ ቡድን እንዲያቋቁም እንርዳው። በሳምንት ሁለት ቀን መገናኘት ይበቃል፤ ሌላው ቀን የየቤቱ ነው። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ በሕግ ፊት ለልጁ ትምህርት ተጠያቂው ወላጁ ነው። ማስታወቂያውን የሚያስገባው፣ ፋይሉን የሚይዘው እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ነው፤ ቡድኑ ያግዛል እንጂ አይተካም።

«ልጆቹ ከሰው ይነጠላሉ» የሚለው ሥጋት እውነት አለው፤ እስካሁን እንደያዝነው፣ በራችንን ዘግተን ከያዝነው። አሥር ልጅ የሚንጫጫበት ሳሎን ውስጥ ግን ይህ ሥጋት የጎረቤት ሥጋት ይሆናል።

ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ወላጆችም ከዚህ ውጪ አይደላችሁም። ጀርመን ወይም ስዊድን የምትኖሩ ዘመዶቻችን፣ በአገራችሁ ሕግ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር እንደተዘጋባችሁ እናውቃለን። የዓባይ ወር ግን የቅዳሜ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ያዘጋጀነውን እንላክላችሁ፤ ያዘጋጃችሁትን ላኩልን። አንድ ወር እናንተ፣ አንድ ወር እኛ ብናቅድ ዓመቱ ለሁላችንም ይሞላል።

ሥራው በዚህ ሳምንት ይጀመር። ልጅ ቤት የሚያስተምሩ ወይም ሊያስተምሩ የሚያስቡ ሁለት ቤተሰቦችን ፈልጉ፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በእድር፣ በእንጀራ መደብሩ ወረፋ ላይ ጠይቁ። ቀን ቁረጡ፤ ሰኔ ሳያልቅ ይሁን፣ ከኦገስት 15 በፊት ለማስተካከል ጊዜ እንዲኖር። እያንዳንዱ ወላጅ ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ የልጆቹን ዕድሜና «የት እንደደረሱ» የጻፈበት አንድ ወረቀት፣ ከዚያ በፊት ያስፈተናቸውን የሒሳብ መመደቢያ ውጤት፣ ገዝቶ ያልሆነለትን አንድ መጽሐፍ። አያቶች ይምጡ፤ ልጆችም ይምጡ፣ ምን መማር እንደሚፈልጉ ይጠየቁ። የመጀመሪያው አጀንዳ በመስከረም የማን ሳሎን ቀድሞ እንደሚከፈት መወሰን ነው፤ እጃችሁን አውጡ።